ለአንዲት የጓሮ ቤት የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ቤት ፍለጋ የሚባለውን ነገር የፈጠረው ሰው ራሱ ቤት የነበረው መሆን አለበት። ቤት የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ክፉ ነገር አያስብም። ይህን የምላችሁ ጆሃንስበርግን ከዳር እስከ ዳር አካልዬ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ ጨርሼ ነው። በመጨረሻ የገባሁበትን ቤት እንኳ እንዴት እንዳገኘሁት በቅጡ አልገባኝም። ታሪኩን ልንገራችሁና እናንተ ከገባችሁ አስረዱኝ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ጀፕስታውን፣ ከምሠራበት ሱቅ በላይ፣ አንዲት ክፍል በመጋረጃ ለአራት ከፍለን ከሦስት ወንደላጤዎች ጋር እኖራለሁ። መጋረጃው ግድግዳ ነው ብለን ተስማምተናል፤ ማንኮራፋት ግን ስምምነቱ ላይ አልፈረመም። ባለቤቴ ሙሉ፣ አዲስ አበባ ሆና፣ እኔ ዘንድ የምትመጣበት ወረቀት ሊያልቅ ሲቃረብ፣ "ለመሆኑ ቤቱ ምን ይመስላል?" ብላ ጠየቀችኝ። አራት ዓመት ያላያችኋት ሚስት እንዲህ ስትጠይቃችሁ "መጋረጃ ነው" ትላላችሁ? "ደህና ነው፣ ጓሮም አለው" አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በሚቀጥለው ሳምንት "ጓሮው ጎመን ያበቅላል?" አለችኝ። "እንዴታ!" አልኩ። ከዚያ ወዲያ የስድስት ዓመቷ ልጄ ሶስና በደወልኩ ቁጥር ጎመኑ የት ደረሰ ትለኝ ጀመር። ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ እሰማ ነበር፤ የኔ ጎመን ሆነ።

ሦስት ወር እንዲህ ስዋሽ ከረምኩና አንድ ቀን ሙሉ እየሳቀች ደወለች። ወረቀቱ አልቋል፣ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ የዛሬ ወር ሐሙስ ጠዋት ይገባሉ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ላብ ጀርባዬን አጥቦታል። እነዚያን ሁለት ሰዎች ከአየር ማረፊያ ተቀብዬ የት ነው የማስገባቸው?

ጀፕ የምንላት የአበሻ ገበያችን ሰው ደግሞ ምክር አይጠይቁትም፣ ቀድሞ ነው የሚሰጠው። ከከተማው ዳር፣ ዲፕስሉት ሱቅ ያለው አንዱ "እኛ ጋ ና፣ ቤት እንደ ቲማቲም ነው የሚረክሰው" አለኝ። ስንት ጊዜ እንደተዘረፈ ስጠይቀው በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ሁለተኛው እጁ ላይ ሲደርስ ተውኩት። ከአይቮሪ ፓርክ ዕቃ ሊጭን የመጣው ደግሞ "ምን አስቸገረህ? ከሱቄ ጀርባ ትተኛለህ" አለኝ።

"ሚስቴስ?"

"እሷም ከሱቁ ጀርባ።"

"ልጄስ?"

"እሷማ ከሱቁ ፊት ትሽጥ!"

ለወግ ያህል አንድ የቤት አከራይ ወኪል ቢሮም ገባሁ። አንዲት ጥፍሯ ከጣቷ የሚረዝም ልጅ ቅጽ ሞላችልኝ። የመታወቂያዬ ቁጥር ከኮምፒዩተሩ ሳጥን ጋር አልገጥም አለ። በግድ ስታስገባው "እንዲህ ያለ ሰው የለም" አላት። እሷም አንዴ እኔን አንዴ ኮምፒዩተሩን አየችና ኮምፒዩተሩን አመነች። "የብድር ታሪክህን አምጣና እንሞክር" አለችኝ። ደረቴን ነፍቼ "ከማንም ተበድሬ አላውቅም" አልኳት። "ታዲያ ተበድረህ የማታውቅ ሰው እንዴት እናምንሃለን?" አለች። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አትበደር ሲለኝ ኖሮ፣ ለካ ቤት እያሳጣኝ ነው።

ማልቨርን ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ "የሚከራይ" የሚል ጽሑፍ አየሁ። ስንተኛው ፎቅ እንደሆነ ልቆጥር ጠቋሚ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ። በዚህ አገር መንገድ ዳር ቆሞ ጠቋሚ ጣትን ወደ ላይ መቀሰር "መሀል ከተማ ውሰዱኝ" ማለት ነው። ታክሲ መጥቶ እግሬ ሥር ቀጥ አለ። ተሳፋሪው በሙሉ እኔን ያያል። "ይቅርታ፣ ፎቅ እየቆጠርኩ ነው" ማለት ሲገባኝ ይሉኝታ ይዞኝ ገባሁ። መሀል ከተማ ደርሼ፣ ሌላ ታክሲ ይዤ ተመለስኩና እንደገና ስቆጥር ሁለተኛው መጣ። አሁንም ገባሁ። ቤቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ሳላውቅ ሌላ ሰው ተከራየው።

ሐሙስ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው ነው ቤዝ ቫሊን ያገኘሁት። ከጀፕስታውን በእግር የሚደረስ፣ አሮጌ የቆርቆሮ ጣሪያ ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። አንዱ የብረት በር ላይ ካርቶን ታስሯል፤ "የጓሮ ቤት፣ ለቤተሰብ ብቻ" ይላል። ኪራዩን ሳየው አንድ ዜሮ የረሱ መሰለኝ። በብረቱ ክፍተት አጮልቄ አየሁ። ሁለት ክፍል፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ ትንሽ ጥቁር አፈር። እግዚአብሔር የውሸቴን ፕላን አይቶ የሠራው ቤት ነው አልኩ።

የቤቱ ባለቤት በሩን ሳይከፍቱ በብረቱ በኩል አናገሩኝ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሰፈሩ ማ ዱዱ ይላቸዋል።

"ሚስትህ የት አለች?" አሉኝ።

"ሐሙስ ትመጣለች፣ እማማ።"

"ሁሉም ሐሙስ ትመጣለች ይላሉ። ያለፈው ተከራዬም ብሎኝ ነበር። የመጡት ስድስት ወንዶችና አንድ ማቀዝቀዣ ናቸው።"

"የኔ የእውነት ናት!"

"እሱም እንደሱ ነው ያለው" ብለው ገቡ። ውሻቸው ቆይቶ በደንብ አየኝና እሱም ገባ።

እንግዲህ አንድ አበሻ እምቢ ሲባል ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ይልካል። ይህን ስወስን ለአንዲት ሰከንድ እንኳ አልተጠራጠርኩም። ሚስቴንም ያገኘኋት በሽማግሌ ነው፣ ከሱቅ ሸሪኬ ጋር የታረቅኩትም በሽማግሌ ነው። የጓሮ ቤት ከሁለቱ አይከብድም።

ጋሽ ተሾመ ዘንድ ሄድኩ። ጀፕ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ፣ እዚህ አገር ሃያ ዓመት የኖሩ፣ እርቅና ሰርግ ያለሳቸው የማይሆን ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው "ሴትየዋ ትክክል ናት፤ ቤቷን ለማታውቀው ሰው እንዴት ትስጥ? የሚያውቅህ ሰው ይንገራት እንጂ" አሉ። ሁለት ሰው ጨመሩ፤ አንዱ ንግግር የሚያውቁት የሆሳዕናው አቶ ላሬቦ፣ ሌላው ከመናገር ዝምታ የሚወዱ፣ ሻምበል የምንላቸው የድሮ ወታደር።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። ጋሽ ተሾመ "ባዶ እጅ አይኬድም" ብለው ከሱቃቸው ትልቅ ነብር ያለበት ድርብ ብርድ ልብስ ሁለቱን አሸክመዋቸዋል። እኔ በወጉ መሠረት አልሄድኩም። ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ አብሮ አይቆምም። ጥግ ላይ ካለች ሱቅ ደጃፍ ቆሜ መጠበቅ ጀመርኩ።

ከቆምኩ አንድ ሰዓት ሞላኝ። ሁለት መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ኮፍያ ያደረጉ ወንዶች ወርደው ገቡ። ሁለት ሰዓት ሞላኝ። ድንገት ከግቢው እልልታ ቀለጠ። ባለ ሱቁን "ምንድነው?" አልኩት። "ደስታ ነው" አለኝ። ለአንድ ተከራይ ይህን ያህል? ሰዎቹ ምን ያህል ተከራይ ቢያጡ ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

ሽማግሌዎቹ ፊታቸው በርቶ መጡ።

"እንኳን ደስ ያለህ ልጄ! ሰው ማለት እነዚህ ናቸው!" አሉ ጋሽ ተሾመ።

"ፈቀዱ?"

"መፍቀድ ብቻ! በሩ ላይ ቆመን የማውቃትን የዙሉ ቋንቋ በሙሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አወረድኳት። ሰላምታ በሰላምታ ላይ። ስታልቅብኝ ደንበኛ የምጠራበትንም ጨመርኩ። ሴትየዋ በመስኮት አየችን፣ ብርድ ልብሱን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወዲያው ስልክ ደውላ ወንድሞቿን ጠራች።"

"ለአንድ ክፍል ኪራይ ወንድሞቿን?"

"ቤት እኮ የዘር ነው" አሉ አቶ ላሬቦ።

"ከዚያ ሳህን ፊታችን አስቀመጡ" ቀጠሉ ጋሽ ተሾመ። "የአፍ መክፈቻ ነው አሉን። ጥቂት ራንድ ጣል አደረግንበት፣ አፋቸው ተከፈተ። ታላቅ ወንድሟ ስንት ከብት ታመጣላችሁ አለኝ።"

"ስንት ምን?"

"ከብት። እኔም ልጃችን ጨዋ የከተማ ሰው ነው፣ ሰው ግቢ ከብት አያስገባም አልኩት። ሳቀና ታዲያ በምን ይከፍላል አለ። በገንዘብ፣ በየወሩ አልኩ። እስከ መቼ አለኝ። ዕድሜ ከሰጠው እስከ መጨረሻው! አልኩት። ሽማግሌ ሲላክ ቆጥቦ አይናገርም። ሰውየው ተነስቶ አቀፈኝ። እልልታው ያኔ ነው።"

"የከብቷ ነገር ለኔ አልጣመችኝም" አሉ ሻምበል። ሰው ዝም ሲል ኖሮ አንድ ነገር ሲናገር ማዳመጥ ይገባ ነበር። እኛ ግን እዚያ የቀረበላቸው የዝንጅብል መጠጥ ጥሩ እንደነበር ማውራት ጀምረን ነበር። በማግስቱ እሑድ ልጁን አምጡትና እንየው ተብሏል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ፣ የተዋስኩትን ኮት እንደለበስኩ ከጋሽ ተሾመ ጋር ሄድን። ግቢው በሰው ሞልቷል። ወንበር ተደርድሯል። ሁለት ሴቶች ድንች እየላጡ ነው፤ አጠገባቸው የተጠመደው ድስት እኔን ከነኮቴ ያስገባል። ለኪራይ ውል ይህ ሁሉ ድንች ይላጣል? ጋሽ ተሾመን ቀና ብዬ ባያቸው "ባህላቸው ነው፣ ዝም በል" አሉኝ። ማ ዱዱ ነብሩን ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ደርበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እንደ ንግሥት ተቀምጠዋል። እጅ ነሳሁ። ጉንጬን ያዙና "ቀጭን ነው፣ ግን ይወፍራል" አሉ። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። እኔም እንዲህ የሚወድ አከራይ በዓለም ላይ የለም ብዬ ልቤ ሞቀ።

በዚህ መሀል ሴት ልጃቸው ኖምሳ ከሥራ ገባች። ትራፊክ ፖሊስ ናት፤ ቅዳሜ ተረኛ ስለነበረች አልነበረችም። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ፊቴ ቆመችና መንጃ ፈቃዱ እንዳለፈበት ሰው ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ይሄ ማነው?" አለች።

"ያንቺ ነዋ! ትናንት ሽማግሌ የላከው!" አለ አጎቷ፣ ያ ስለ ከብት የጠየቀው የማ ዱዱ ወንድም።

"የኔ? የኔ ሰውዬ ረጅም ነው!"

ድንች የሚልጠው ቢላ ሁሉ ቆመ። ነገሩ ቀስ እያለ የተፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ኖምሳ ወዳጅ አላት። ቤተሰቡ አይቶት አያውቅም፤ "በቅርቡ ሽማግሌ ይልካል" ብላ ግን ለእናቷ ነግራ ነበር። በእነሱም ባህል ሴት ልጅ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች አምረው ለብሰው ይመጣሉ፣ በር ላይ ቆመው ድምፃቸውን ያሰማሉ፣ ለእናትየዋ ብርድ ልብስ ይሰጣል፣ ልጁ ራሱ አይመጣም። እኛ ሁሉንም አንድ በአንድ፣ ሳናጎድል አድርገናል። የላክሁት ቤት ልመና ነው፤ የተቀበሉት ጋብቻ ነው። ከብቱም ለካ ጥሎሽ ነው።

እኔ ደግሞ ስደነግጥ የማመጣው ቃል ሁሌም ትክክለኛው ነው፣ ሰዓቱ ብቻ ነው የሚሳሳትብኝ። "እኔ እኮ ሚስት አለኝ! ሐሙስ ትመጣለች!" ብዬ ጮህኩ።

"ሃይቦ!" ብሎ አጎቷ በዙሉ ጉድ አለ። "ሐሙስ ሚስት እያለችህ በእሑድ ሌላ ሚስት ፍለጋ ምን ያንቀዠቅዥሃል?"

ማ ዱዱ መነጽራቸውን አደረጉ። ያኔ አወቁኝ። "የክፍሉ ሰውዬ ነህ" አሉ በቀስታ። ከትከሻቸው ላይ ብርድ ልብሱን አወረዱና ያጥፉት ጀመር። ነብሩ አንዴ ታጠፈ፣ ሁለቴ ታጠፈ። በጎረቤታቸው ፊት እልል ያሉ ሴትዮ ናቸው። ስለ ቤቱ ማሰብ ያቆምኩት ያን ጊዜ ነው። በጣም አፈርኩ፤ እናቴን ሰው ፊት ያዋረድኳት ያህል ተሰማኝ።

ጋሽ ተሾመ ጆሮዬ ላይ "ድንጋይ ተሸከም" አሉኝ። በእኛ ወግ ትልቅ ሰው የበደለ ድንጋይ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ ይቅርታ ይለምናል። ትክክል ናቸው ብዬ ከአበባው መደብ ጥግ አንዱን ትልቅ ድንጋይ አነሳሁ። አገሩ ድንጋይ ማንሳት ጠብ የሆነበት ጆሃንስበርግ መሆኑን ሁለታችንም ረስተናል። ሴቶቹ ጮኹ። አጎትየው ከወንበሩ ጀርባ ሆነ። ውሻው ሱሪዬን ያዘ። ኖምሳ እጇን ዘርግታ "ቁም! ድንጋዩን አስቀምጥ!" አለች። እኔ ላስቀምጥ ስል ጋሽ ተሾመ በአማርኛ "እንዳታወርድ! ይቅር ሳይሉህ አይወርድም!" ይላሉ። ማንን ልታዘዝ? ድንጋዩ ትከሻዬ ላይ፣ ውሻው እግሬ ላይ፣ እኔ መሀል ላይ እንደ አጎነበስኩ ቀረሁ። "ይቅርታ ነው! ይሄ ይቅርታ ነው!" እላለሁ በእንግሊዝኛ።

መጀመሪያ የሳቀችው ኖምሳ ናት። ሳቋ እየተዛመተ አጎትየው ከወንበሩ ጀርባ ወጣ፣ ድንች ላጮቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። ማ ዱዱ ግን አልሳቁም። መጥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱልኝና አበባቸው ጥግ መለሱት። ከዚያ "አንድ ነገር ልንገርህ" አሉ። "ሽማግሌዎችህ ጨዋ ናቸው። አንተ ምን እንደሆንክ አልገባኝም። ሚስት አለኝ ብለሃል። ሐሙስ እሷ ራሷ መጥታ ትጠይቀኝ።"

"ከመጣች ይሰጡናል?"

"ከመጣች አያታለሁ።"

ድንቹን ግን አብልተውን ነው የሸኙን፤ የተሠራ ምግብ አይጣልም ተብሎ።

ሐሙስ ደረሰ። ከአየር ማረፊያው በጋሽ ተሾመ የብርድ ልብስ መኪና ተቀበልናቸው። ሶስና ረዝማለች፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅህ አለች፤ እኔም አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ሙሉም አራት ሻንጣ ይዛ "በል ወደ ቤታችን" አለች። መንገዱ ግማሽ ሰዓት ነው፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ሁሉንም ነገርኳት። መጋረጃውን፣ ጎመኑን፣ ከብቱን፣ ድንጋዩን። ይህ ዕድል ካመለጠ ዛሬ የምናድርበት እንደሌለን ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። መስኮቱን እያየች "ሴትየዋ እንግሊዝኛ ትሰማለች?" ብቻ አለችኝ። ሙሉ አዲስ አበባ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ እንግሊዝኛዋ ከኔ ሱቅ እንግሊዝኛ ጋር አይገናኝም።

ማ ዱዱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሙሉ ከመኪናው ወረደች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጉልበቷን ሰበር አድርጋ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ዘረጋች። ማ ዱዱም እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ተቀበሏት። ለካ በእነሱም ዘንድ የአክብሮት ሰላምታ እንደዚያ ነው። ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ትንሽ ተያዩ። ከዚያ ማ ዱዱ ሶስናን አቀፉ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሦስቱ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። እኔ፣ ጋሽ ተሾመና አራቱ ሻንጣዎች ውጭ ነን።

"ጥሩ ምልክት ነው?" አልኳቸው።

"እኔን አትጠይቀኝ፤ እኔ ቅዳሜም ጥሩ ምልክት ነው ብያለሁ" አሉ።

ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። የሙሉ ሳቅ ነው። ከዚያ የማ ዱዱ፣ ከዚያ የኖምሳ። በምን እንደሚስቁ መገመት አያቅትም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ኖምሳ ከፍታ ወረቀት ሰጠችኝ። ውሉ ነው! ቤቱ ተገኘ፣ ልጄ ዛሬ ከጣሪያ ሥር ታድራለች። መንገዱ ላይ ጋሽ ተሾመን አቅፌ ዘለልኩ። ዝላዬን ስጨርስ ማንበብ ጀመርኩ።

ተከራይ በሚለው ቦታ የሙሉ ስም ነው ያለው፤ አገሩን ከረገጠች ሦስት ሰዓት ያልሞላት የሙሉ ስም። "ሌሎች ነዋሪዎች" በሚለው ሥር መጀመሪያ ሶስና፣ ቀጥሎ እኔ። ጫጫታ ክልክል ነው፣ እሺ። ኪራይ በወሩ መጀመሪያ፣ እሺ። ተራ ቁጥር አራት ላይ "ተከራይዋ በሁለተኛው ነዋሪ ካልተደሰተች፣ ሁለተኛው ነዋሪ ቤቱን ይለቃል" ይላል።

ሻንጣዎቹን ጎትቼ ስገባ ሙሉ የአዲሱን ቤት መስኮት እየከፈተች ነበር።

"ይህቺ ሴትዮ ቂም ይዛብኛለች" አልኳት ወረቀቱን እያሳየሁ። "አራተኛዋን አየሻት? እንዲህ ያለ ነገር ውል ላይ ይጻፋል? ነገ ሄደሽ አስፍቂያት።"

"እሳቸው ምን አደረጉ?" አለችኝ፣ ሁለተኛውን መስኮት እየከፈተች። "አራተኛዋን እኔ ነኝ ያስጻፍኳት።"